ከጓሮ ያለችው ቤት

ዝናቡ አልፎ ጥቅምት ሲገባ የሰፈሮቻችን ድምፅ ይለወጣል። አሸዋ የሚገለብጥ መኪና፣ ፌሮ የሚቆርጥ ሠራተኛ፣ ብሎኬት የሚቀባበሉ ጎረምሶች በየመንገዱ ይታያሉ። ከሚሠራው ውስጥ ብዙው ታዲያ ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ከነባሩ ቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ የምትበቅል አንድ ወይም ሁለት ክፍል ናት፤ ሁላችንም ሰርቪስ እንላታለን።

የዚህ ወር ወጋችን ስለዚችው ሰርቪስ ነው። ግቢ ያላችሁ፣ አንድ ክፍል ልትጨምሩ አስባችሁ ይሆናል። ግቢ የሌላችሁ ደግሞ ምናልባት በሰው ግቢ፣ በሰርቪስ ውስጥ ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ድንጋዩና ሲሚንቶው ከመገዛቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው፤ ‹‹ቤቱ የሚሠራው ለማን ነው?›› እና ‹‹በወረቀት ላይ አለ ወይ?›› ብዙ ቤተሰብ ሁለቱንም ለነገ ያሳድራል። ነገ ሲመጣ ግን ጥያቄውን የሚጠይቀው ባንክ፣ ወራሽ ወይም ደንብ አስከባሪ ይሆናል።

ሰርቪስ ከየት መጣ?

የድሮዎቹን የአዲስ አበባ ቪላዎች ያየ ሰው አሠራራቸውን ያውቀዋል። ትልቁ ቤት ከፊት፣ አትክልቱ ከመሃል፣ ከኋላ ደግሞ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ክፍሎች። አንዱ ማድ ቤት ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ጭሱ ከትልቁ ቤት የራቀ። ሌላው ዕቃ ቤት፣ ሌላው የሠራተኛ ወይም የዘበኛ ማደሪያ። ሰርቪስ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ከአገልግሎቱ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ የሚይዘውንም የከተማ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ተጨማሪ ቤት የነበረው ተወረሰበት። በዚያ ዘመን ያደጉ ወላጆቻችን ‹‹ትርፍ ቤት›› የሚለውን ቃል ሲሰሙ አሁንም ፊታቸው የሚለወጠው ለዚህ ነው። ቤተሰብ ሲበዛ፣ ልጅ ሲያገባ፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ ሌላ ቤት መያዝ ስለማይቻል ግቢው ወደ ውስጥ መጣበብ ጀመረ። ዕቃ ቤቱ መኝታ ቤት ሆነ፤ ማድ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ዛሬ ደግሞ ምክንያቱ የቤት እጥረቱና የኑሮ ውድነቱ ነው። ጡረታ የወጡ አባት ሁለት ክፍል አከራይተው መድኃኒት ይገዛሉ። አዲስ የተጋቡ ልጆች ብር እስኪያጠራቅሙ በወላጆቻቸው ግቢ ይጠለላሉ። ለአገልግሎት የተሠራችው ክፍል የቤተሰብ መሠረት ሆናለች ማለት ነው። ወረቀቷ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ዕቃ ቤት በነበረችበት ዘመን ቀርቷል።

‹‹የራሴ ግቢ ነው››

ግንባታ ሲነሳ በብዛት የምሰማት መልስ ይህች ናት። ‹‹በራሴ ግቢ፣ በራሴ ብር፣ ማንን አስፈቅዳለሁ?›› በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያስቀመጠው መርህ ግን ሌላ ነው። አዋጁ ሲወጣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች የሚመለከት ሆኖ፣ ግንባታ ሲል አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ አልነበረም የሚያየው። ያለውን ሕንፃ ማሻሻልና አገልግሎቱን መለወጥም በዚሁ ቃል ውስጥ ገብተው ነበር። መኪና ማቆሚያውን ዘግቶ ስቱዲዮ ማድረግ ወይም ዕቃ ቤቱን መኝታ ቤት ማድረግም ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ የእኛ ዓይነቷ ትንሽ ቤት ከባድ ምድብ ውስጥ አትገባም። አዋጁ ሕንፃዎችን ‹‹ሀ››፣ ‹‹ለ›› እና ‹‹ሐ›› ብሎ መደበ። ምድብ ‹‹ሐ›› የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ያዘ። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ግን በምድብ ‹‹ሀ›› ውስጥ ተመደበ፤ ይኸውም ከሦስቱ ቀላሉ ነበር። ስለዚህ ‹‹ፈቃድ ማለት የፎቅ ሰዎች ጉዳይ ነው›› ብሎ መፍራትም፣ ንቆ መተውም አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉን ማወቅ ድካም ይቀንሳል። መጀመሪያ ‹‹የፕላን ስምምነት›› የሚባለውን ጠይቁ። ይህ የምታስቡት ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱን የሚያሳይ ነው። ግቢያችሁን የሚነካ የመንገድ መስመር ካለ ወይም ለአካባቢው የተወሰነው አገልግሎት ሌላ ከሆነ የምታውቁት እዚህ ላይ ነው፤ ለንድፍ ሠሪ ከመክፈላችሁ በፊት ማለት ነው። ከዚያ ንድፉ ይዘጋጃል፣ የግንባታ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ከዚያ በኋላ መሠረት ይቆፈራል። የሕንፃ ሹሙ ያለ ፈቃድ የተጀመረን ግንባታ የማስቆም፣ እንዲስተካከልና እንዲፈርስ የማዘዝ ሥልጣን አለው።

በከተማችን ‹‹ጨረቃ ቤት›› የሚባል ነገር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቦታ ያጣ ሰው ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚገባበት ነው። የሚገርመው ካርታ ያለው፣ ግብር የሚከፍል፣ የተከበረ ባለ ግቢም ቅዳሜ ማታ ግንበኛ አስገብቶ ሰኞ ጠዋት ጣራ ሲያለብስ ይታያል። በካርታ ግቢ ውስጥ ጨረቃ ቤት ተሠራ ማለት እኮ ነው! የዚያኔ የተቆጠበች መስላ የታየችው ብር ዓመታት ቆይታ በሌላ በር ትመለሳለች። ቤቱን አስይዘው ብድር ሲጠይቁ የባንኩ ገማች ወረቀት ላይ ያለውን ይቆጥራል። ሲሸጥ ገዢ በሰርቪሷ ምክንያት ዋጋ ይከራከራል። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ደግሞ የካሳ ጥያቄ መነሻው ሕጋዊነት ነው። ወጪ የወጣበት፣ ልጅ ያደገበት ክፍል በአንድ ጠዋት ‹‹ያልነበረ›› ሊባል ይችላል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ጓሮ

ካሊፎርኒያ ዘመድ ያላችሁ፣ ‹‹ጋራዡን ቤት ልናደርገው ነው›› የሚል ወሬ በስልክ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እዚያም ጉዳዩ የእኛው ነው፤ የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ወላጆች አረጁ፣ ልጆች ኪራይ አልቻሉም። ለብዙ ዓመታት ከተሞቹ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ቤት እንዳይሠራ በልዩ ልዩ ደንብ ያጠሩት ነበር። አንዱ ተጨማሪ መኪና ማቆሚያ ይጠይቃል፣ ሌላው ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። ሰዉም እንደኛው በድብቅ ይሠራ ነበር።

የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕጉን ደረጃ በደረጃ አላላው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጸኑት ሕጎች፣ ነባር ቤት ባለበት ግቢ የሚቀርብ የተሟላ ማመልከቻ በ60 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ አስገደዱ። ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ገደማ፣ ርቆ የሚሠራን እስከ 800 ስኩዌር ፊት (74 ካሬ ሜትር ገደማ) የሆነ ቤት ከተሞች በቦታ ስፋት ደንብ እንዳይከለክሉ አደረጉ። ጋራዡን ወደ መኖሪያ የለወጠ ሰውም ምትክ መኪና ማቆሚያ እንዲሠራ አይገደድም።

ይህን የማነሳው የሰው አገር ሕግ እንዳለ ይምጣ ለማለት አይደለም። ልብ የሚባለው ነገር ሌላ ነው። ደንቡ በቁጥር ሲቀመጥና የመልሱ ቀን ሲታወቅ ሰው ከድብቅ ሥራ ይልቅ ፈቃዱን ይመርጣል። የእኛም ከተሞች አስተዳዳሪዎች ለትንሽ የጓሮ ቤት የተዘጋጀ፣ በአንድ ገጽ የሚነበብ መመሪያና ዝግጁ ንድፍ ቢያቀርቡ፣ በሌሊት የሚሠራው ግንብ በቀን ይሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለእናት ነው ወይስ ለተከራይ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ለማን ነው የሚሠራው? በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ከተነሳ ወራት ሆኖታል። አባታችን ካረፉ በኋላ እናታችን ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ናቸው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ግቢ ስላለው ‹‹ሰርቪሷን አድሰን እማዬን እናምጣት›› አለ። ሁላችንም ደስ አለን። እሳቸው ግን ሲነገራቸው ትንሽ ዝም ብለው፣ ‹‹ልጄ፣ ጎረቤቶቼንና ዶሮዎቼን ትቼ የምመጣው የሠራተኛ ክፍል ልገባ ነው?›› አሉ።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ስም በሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በየቀኑ አያለሁ። በዚያች ቀን ግን ነገሩ ከስምም አለፈ። ሰርቪስ ስንል እኛ ካሬ ሜትር እናስብ ነበር፤ እሳቸው ያሰቡት ከጓሮ መቀመጥን ነበር። ስለዚህ እህቴ ወረቀትና እርሳስ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። መስኮቱ ወደየት ይሁን? ‹‹ወደ በሩ፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ልይ።›› መጸዳጃውስ? ‹‹ከውስጥ፤ ሌሊት በዝናብ ግቢ ማቋረጥ አልችልም።›› ቡና የሚፈላበት በረንዳ ይኑር፣ ደፉ ዝቅ ይበል፣ በሩ ከዘራ ለያዘ ሰው ይስፋ። ወንድሜም እድሳቱን ትቶ አዲስ ንድፍ ማሠራት ጀመረ። አሁን በቤታችን ውስጥ ሰርቪስ የሚል ሰው የለም። ‹‹የእማዬ ቤት›› ነው የሚባለው። ገና የፕላን ስምምነቱን እየጠበቅን ነው።

የምትሠሩት ለአረጋዊ ከሆነ እነዚህን ነገሮች ከጅምሩ በንድፉ ውስጥ አስገቧቸው። ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ የማያንሸራትት ወለል፣ ከመጸዳጃው አጠገብ የሚያዝ ብረት፣ ከአልጋው ሳይነሱ የሚደረስበት የመብራት ማብሪያ፣ ከትልቁ ቤት የሚሰማ ደወል። ሲሠራ ርካሽ ናቸው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ግድግዳ ያስፈርሳሉ። ለተከራይ የሚሠራ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ የራሱ መግቢያ፣ የራሱ ቆጣሪ፣ ከእናንተ መኝታ ቤት የማይፋጠጥ መስኮት። ‹‹ለሁሉም ይሆናል›› ተብሎ የተሠራ ቤት ለማንም ሳይመች ይቀራል።

የልጅ ብር፣ የወላጅ ግቢ

ይህኛው ክፍል ትንሽ ከበድ ይላል፤ ግን ብዙ ወንድምና እህት ያጣላው እሱ ነው። ልጅ ከውጭ ብር ይልካል ወይም ደመወዙን አጠራቅሞ በወላጆቹ ግቢ ሁለት ክፍል ይሠራል። ወላጅ በሕይወት ሳሉ ጥያቄ የለም። ካረፉ በኋላ ግን ካርታው በእናት ወይም በአባት ስም ነው፤ በሕጋችንም ልጆች ሁሉ እኩል ወራሾች ናቸው። ያኔ አንዱ ‹‹እኔ ነኝ የሠራሁት›› ይላል፣ ሌላው ‹‹ያባታችን ግቢ ነው›› ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1179 ይህን መሰል ነገር አስቦበታል። በሌላ ሰው መሬት ላይ፣ ባለመሬቱ ሳይቃወም ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት ይሆናል፤ ባለመሬቱም ካሳ ከፍሎ ሊያስለቅቀው ይችላል ይላል። በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚያጽናና ነው። ግን ‹‹እማዬ ፈቅዳልኝ ነበር›› የሚለውን ቃል እማዬ ካለፉ በኋላ ማን ይመሰክራል? የብሎኬቱ ደረሰኝ የት አለ?

መፍትሔው ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በቡና ሰዓት የሚጨርስ ነው። ወላጅም፣ የሚሠራው ልጅም፣ ሌሎቹ ልጆችም ባሉበት ማን ምን እንዳወጣ፣ ቤቱ የማን እንደሚሆን፣ ግቢው አንድ ቀን ቢሸጥ ያ ወጪ እንዴት እንደሚመለስ ይነጋገሩ። ከዚያ በሕግ ባለሙያ ይጻፍና ውልና ማስረጃ ይረጋገጥ። ‹‹በእናትና በልጅ መካከል ውል?›› ብሎ የሚቆጣ አጎት አይጠፋም። እንዲህ ያለው ወረቀት ግን እናትን ከልጇ የሚጠብቅ አይደለም። ልጆቹን እርስ በርሳቸው ከመካሰስ ያድናቸዋል።

ብታከራዩትስ?

በመጀመሪያ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተስማሙ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ባልና ሚስት ስምምነት ይጠይቃል። ባል ብቻውን ለጓደኛው፣ ሚስት ብቻዋን ለዘመዷ የሚሰጡት ቁልፍ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን በእርጋታ ሥሩት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ሁለት ክፍል ለመሥራት 900,000 ብር ወጣ፣ በወር 10,000 ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 120,000 ብር ነው፤ ወጪው በ7 ዓመት ተኩል ይመለሳል። በየዓመቱ አንድ ወር ባዶ ከዋለ ግን ገቢው 110,000 ይሆንና ከ8 ዓመት ያልፋል። ገና ግብሩ፣ ቀለሙና የቧንቧ ጥገናው አልተነሳም። የቤት ኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈልበት ገቢ መሆኑን አትርሱ። ‹‹ኪራዩን በየስድስት ወሩ እጨምራለሁ›› ብሎ ማስላትም አያዋጣም፤ ምክንያቱም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጭማሪን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን አድርጎታል።

በዚሁ አዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ለሰርቪስ ባለቤት ይህ ምን ማለት ነው? አከራይና ተከራይ በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ሮቶ ይጠጣሉ፣ የልጆቻቸው ጫማ አንድ በረንዳ ላይ ይደረደራል። ከቢሮ ሕንፃ ተከራይ ጋር ሁለት ዓመት መዋል አንድ ነገር ነው፤ ከጓሮ ተከራይ ጋር ሁለት ዓመት መኖር ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ውሃው ወረፋ ሲሆን እንዴት እንደሚከፈል፣ መብራቱ በማን ቆጣሪ እንደሆነ፣ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እንግዳ ሲመጣ መኪናው የት እንደሚቆም ከውሉ ጋር ተነጋገሩ።

ተከራይ ለሆናችሁም ይኸው ሕግ ጋሻ ነው። ልጃችሁ ትምህርት ቤት በጀመረ በሦስተኛው ወር ‹‹ቤቱን እፈልገዋለሁ›› ከመባል የሚያድናችሁ የተመዘገበ ውል ነው። በወዳጅነት የገባ ሰውም ወረቀቱን ቢጠይቅ ባለጌ አይባልም።

ከአጥሩ ማዶ

ጓሮ ማለት የሌላ ሰው ጎን ማለትም ነው። ማድ ቤታችሁን ወደ አጥሩ ስታስጠጉ ጭሱ የሚገባው ጎረቤት ሳሎን ይሆናል። የጣራችሁ ውሃ የሚወርደው ወደ ማን ግቢ ነው? የመጸዳጃ ጉድጓዱስ ከማን መሠረት አጠገብ ተቆፈረ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸትና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ እንዳያስቸግር ይከለክላል። ሕጉ ‹‹መልካም ጉርብትና›› የሚለውን መለኪያ መምረጡ ደስ ይለኛል፤ እናቶቻችን ከሕጉ በፊት የሚያውቁት መለኪያ ነውና። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጎረቤትን ቡና ጠርቶ ንድፉን ማሳየት ብዙ ክስ ያስቀራል።

የእሳትም ነገር አለ። አንድ ቆጣሪ ለትልቁ ቤት ምጣድ፣ ለሰርቪሱ ምጣድ፣ ለሁለት የውሃ ማሞቂያ ሲዘረጋ ሽቦው አይችለውም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያይ መስመር አትቀጥሉ። ከኋላ ያለው ቤት መውጫ መንገድም በዕቃና በመኪና አይዘጋ፤ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር እዚያ የተኛው ሰው የሚወጣው በዚያው ነው።

ለማጠቃለል፣ በዚህ ጥቅምት ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ምሽት ቤተሰቡን ሰብስቡ። ካርታውን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። እዚያ ላይ የማይታይ ክፍል ግቢያችሁ ውስጥ ካለ እንዴት ሕጋዊ እንደሚሆን በክፍለ ከተማችሁ ያለውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በዚያች ቤት የሚኖረውን ሰው፣ እናትም ትሁን ልጅ ወይም ተከራይ፣ ‹‹መስኮቱ ወደየት ይሁን?›› ብላችሁ ጀምሩ።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ወግ እስክንገናኝ፣ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። ቸር እንሰንብት!